ስለ ጥርስ ንጣት፣ ስለ ጥርስ አሰላለፍና ስለ ሐኪም አመራረጥ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ልብ እያዘነ ጥርስ ይሥቃልና ነገሩ እውነት ነው። የእኔ ጥርስ ግን ለብዙ ዘመን ባዳ ብቻ ሳይሆን ጠላት ሆኖብኝ ኖሯል፤ ልቤ እየሣቀ እንኳ እጄ ቀድሞ አፌን ሊሸፍን ይነሣ ነበርና። ይህን ጽሑፍ ለማኅበራችን መጽሔት ሳቀርብ ስለ ራሴ ለማውራት ፈልጌ አይደለም። ባለፈው ዓመት በመኝታ ቤታችን ጥርሳቸውን በሎሚና በከሰል የሚፈትጉትን፣ በላስቲክ የሚያስሩትን፣ ከመንገድ ዳር የገዙትን ቅባት የሚቀቡትን ጓደኞቼን ብቈጥር ከስድስት በላይ ሆኑብኝ፤ ከእነርሱም አንዱ እኔው ነበርሁ። አንባቢዬ የሕክምና ተማሪ እንዳልሆንሁ ይወቅልኝ። እዚህ የማቀርበው ካነበብሁትና አንዲት ትዕግሥተኛ የጥርስ ሐኪም ካስረዱኝ ያገኘሁትን ነው።

አስቀድመን ስለ ጥርስ አፈጣጠር ጥቂት እንበል። ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ ጥርስ ያበቅላል። ፊተኛው የወተት ጥርስ ሲሆን ቍጥሩ 20 ነው፤ ሁለተኛው ቋሚው ጥርስ ዘግይተው የሚመጡት አራቱ የኋላ መንጋጋዎች ተጨምረው 32 ይሆናል። እያንዳንዱ ጥርስ ከላይ ኢናሜል በሚባል ልባስ ተሸፍኗል። ኢናሜል ከሰውነታችን ክፍል ሁሉ፣ ከአጥንትም ጭምር፣ ይበልጥ ጠንካራው ነው። ከእርሱ ሥር ዴንቲን የሚባለው ዋናው የጥርስ አካል አለ፤ ከዴንቲኑም ውስጥ ነርቭና የደም ሥር የሚያልፉበት ለስላሳ ክፍል ይገኛል።

ከዚህ አፈጣጠር ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው፤ ኢናሜል ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ ስንሥቅ የሚታየው ቀለም በአብዛኛው የኢናሜሉ ሳይሆን ከሥሩ ያለው የዴንቲኑ ነው፤ የዴንቲን ቀለም ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ብጫ ያደላል። እንግዲህ ጤነኛ ጥርስ እንደ ወረቀት የነጣ አይደለም። በስልክ መስኮት ላይ የምናያቸው እንደ ሸክላ ሳሕን የሚያብረቀርቁ ጥርሶች ወይ በብርሃን የተቀባቡ ናቸው፤ ወይ ከላያቸው ሌላ ነገር ተለጥፎባቸዋል። ሁለተኛው፤ ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ብቅ ሲል ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ ቆዳ ቢቈረጥ ይገጥማል፤ ኢናሜል ግን አንድ ጊዜ ተፍቆ ከሄደ ተመልሶ አይበቅልም። ጥርሱን ለማንጣት የሚፈትግ ሰው ይህን ቢያውቅ እጁን በሰበሰበ ነበር፤ ነጩን ልባስ ባሳሳው ቍጥር ከሥሩ ያለውን ብጫ ይበልጥ ገልጦ ማሳየቱ ነውና።

የጥርስ ቀለም የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከውጭ የሚመጣ ነው። ቡና፣ ሻይ፣ ትንባሆና (በፈተና ሰሞን የማናነሣው ቢሆን እወድ ነበር) ጫት በጥርስ ላይ ቀለም ይተዋሉ፤ ከቀለሙም ጋራ ሳይጸዳ የቈየ ቆሻሻ እንደ ድንጋይ እየጠነከረ በድድ ጠርዝ ይጋገራል። ይህ ዓይነቱ በተለምዶ «ጥርስ ማሳጠብ» በምንለው ሥራ፣ ማለት ሐኪሙ በመሣሪያ እየፈለቀቀ በሚያነሣው፣ በአንድ ቀን ቀጠሮ አብዛኛውን ይለቃል። ጥርሴ ይንጣልኝ ብሎ ከሄደው ሰው መካከል ስንቱ ማሳጠብ ብቻ ይበቃው ነበር! ሌላው ግን ከውስጥ የሚመጣ ነው። ጥርስ ተመትቶ ነርቩ ሲሞት ያ አንድ ጥርስ ብቻ እየጠቈረ ይሄዳል። ቴትራሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት ከ8 ዓመት በታች የወሰደ ሕፃን፣ ወይም እናቱ እርሱን አርግዛ ሳለ የወሰደችው፣ ጥርሱ ግራጫና ቡናማ መስመር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሦስተኛው ምክንያት በእኛ አገር በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ የሚኖርበትን ምድር የሚመለከት ስለ ሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገረው።

እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ሥራ ሊከፍት በአሜሪካ ወደምትገኘው ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሄደ። እዚያ ሲደርስ በከተማዪቱ ተወልደው ካደጉት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ጥርሳቸው ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት፣ አንዳንዱም ፈጽሞ የጠቈረ ሆኖ አገኘው። ሰዉን ቢጠይቅ አንዱ የአሳማ ሥጋ በመብዛቱ ነው ይለዋል፤ ሌላው ወተቱ ነው ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1909 በጊዜው ስመ ጥር የነበረው ምሁር ጂ. ቪ. ብላክ መጥቶ አብሮት መመርመር ጀመረ። ሁለቱ አንድ ትልቅ ነገር አስተዋሉ። ነጠብጣቡ የሚይዘው ጥርሳቸው ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ በከተማዪቱ የኖሩትን ብቻ ነው፤ ቋሚ ጥርሱ ከወጣ በኋላ የመጣ ሰው ምንም አይሆንም። ሌላም ያልጠበቁት ነገር አዩ፤ ይህ ያስጠላው ጥርስ እንደ ሌላው ጥርስ ቶሎ አይቦረቦርም ነበር።

ማኬይ ውሃውን ጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ1923 በአይዳሆ ግዛት ኦክሊ ወደምትባል ቦታ ተጠርቶ ሄደ። እዚያ ያሉ ወላጆች የልጆቻቸው ጥርስ መበላሸት የጀመረው ከአንድ የሞቀ ምንጭ በቧንቧ ውሃ ካስገቡ ወዲህ መሆኑን ነገሩት። ውሃውን ቢመረምር የሚያጠራጥር ነገር አላገኘም፤ ሆኖም ቧንቧውን ትታችሁ ከሌላው ምንጭ ጠጡ ብሎ መከራቸው። እነርሱም እሺ አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትንንሾቹ ልጆች ቋሚ ጥርስ ንጹሕ ሆኖ በቀለ። ምክንያቱ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ የአንድ አሉሚኒየም ኩባንያ ዋና ኬሚስት የነበረው ኤች. ቪ. ቸርችል በረቀቀ መሣሪያ ውሃውን ሲመረምር በውስጡ ብዙ ፍሎራይድ አገኘ። ከዚያ በኋላ ትሬንድሊ ዲን የተባለ የመንግሥት ተመራማሪ መጠኑን አጥንቶ፤ በአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊግራም ያህል ፍሎራይድ ቢኖር ጥርስን ከመቦርቦር እንደሚከላከልና መልኩንም ያን ያህል እንደማያበላሽ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1945 በሚቺጋን የምትገኘው ግራንድ ራፒድስ በዓለም የመጀመሪያዋ ከተማ ሆና ፍሎራይድ በውሃዋ ጨመረች። መድኃኒትና መርዝ የሚለያዩት በመጠን ነው የሚባለው እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። ውሃው ከመሬት በታች በዚያ ድንጋይ መካከል ሲያልፍና ሲሞቅ ፍሎራይድ እየሟሟበት ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፤ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይና በሐዋሳ አካባቢ ካሉት ጉድጓዶች መካከል ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚይዙ ተገኝተዋል። እንዲህ ያለውን ውሃ ሲጠጣ ያደገ ሕፃን ኢናሜሉ በደንብ ሳይጠነክር ይቀርና ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ሲበቅል መጀመሪያ እንደ ኖራ ነጭ ይሆናል፤ ከዚያም በዓመታት ውስጥ ቀለም እየመጠጠ ቡናማ ይሆናል። መጠኑ ሲበዛና ዘመኑ ሲረዝም ነገሩ ከጥርስ አልፎ ወደ አጥንት ይገባል፤ ወገብና አንገት እስከ ማደንደን ይደርሳል።

እኔ ያደግሁት በዚያው በስምጥ ሸለቆ ነው። ከመንደራችን ጉድጓድ ጠጥቼ አድጌ ጥርሴ ቡናማ ሆነ። መንደራችን ውስጥ ሳለሁ ማንም አላየብኝም፤ የሁሉም ጥርስ አንድ ነበርና። አዲስ አበባ ስገባ ነው ያየሁት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የክፍል ጓደኛዬ በቀልድ «አንተ፤ ጥርስህን ታጥበህ ታውቃለህ?» አለኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም። እኔ ግን በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ድድ እስኪደማ ድረስ የምታጠብ ሰው ነበርሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍል ውስጥ እጄን አንሥቼ መልስ መስጠት ተውሁ።

መጀመሪያ ሎሚ ሞከርሁ። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው የፈሳሹ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ከ2 ብዙም አይርቅም። ይህን የኬሚስትሪ ትምህርት ተምሬዋለሁ፤ ከገዛ አፌ ጋራ ግን አላገናኘሁትም። ለሁለት ሳምንት ስፈትግ ቈይቼ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት አቃተኝ። ቀጥሎ የከሰል ዱቄት ሞከርሁ፤ ከሰል ቀለም የሚያነሣው እንደ አሸዋ እየፋቀ ነው። በመጨረሻም ከወንድሜ የተላከልኝን ገንዘብ ይዤ ወደ አንድ የውበት ሳሎን ሄድሁ። ልጅቱ አፌን በውል ሳታየው ስለ ዋጋው ነገረችኝ፤ ቅባት ቀባችኝ፤ ሰማያዊ መብራት አበራችብኝ። ድዴ ተቃጠለ። ሌሊቱን ጥርሴን ጨብጬ አደርሁ። ጠዋት በመስተዋት ሳየው ቡናማው እንዳለ ሆኖ፤ ቀድሞ ያላስተዋልኋቸው ነጫጭ ነጥቦች በዙሪያው ፈክተው ከቀድሞው ይበልጥ ዝንጉርጉር ሆኖ ታየኝ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ጥርስ የሚያነጣው ዋናው ነገር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ወይም ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ የሚባለው፣ ሲፈርስ እርሱኑ የሚሰጠው። ካርባማይዱ 10 ከመቶ ቢሆን ከውስጡ የሚወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 3.5 ከመቶ ያህል ነው። ይህ ንጥረ ነገር ሞለኪዩሉ ትንሽ ስለ ሆነ ኢናሜሉን አልፎ ወደ ዴንቲን ይገባና ቀለም የያዙትን ትልልቅ ሞለኪዩሎች ይሰባብራል። ጥርሱን አይፍቀውም፤ የጎደለውንም ኢናሜል አይሞላውም። ስለዚህ በዕድሜና በምግብ ብጫ የሆነውን ጥርስ በእውነት ያነጣዋል። ለቴትራሳይክሊን ብዙ ወራት ይፈልጋል። በፍሎራይድ ለተጎዳው ጥርስ፤ ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ይረዳል፤ ቡናማ ቀዳዳ ካለበት ግን ለብቻው አይበቃም፤ ነጫጩንም ነጥብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ያጐላዋል። የተሞላ ጥርስ ወይም የተገጠመ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለም ፈጽሞ ቀለሙን አይለውጥም፤ ዙሪያው ሲነጣ እርሱ ብቻ ብጫ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሳይመረመሩ መቀባት ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ቅባቱ በቀዳዳው ገብቶ ነርቭ ይደርሳል። በሐኪም እጅም ቢሆን ለጥቂት ቀን የጥርስ መንዘር የተለመደ ነው፤ ያልፋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ከ0.1 እስከ 6 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት የጥርስ ማንጫ የሚሸጠው ለጥርስ ሐኪም ብቻ እንዲሆን፤ የመጀመሪያውም አገልግሎት በሐኪም ፊት እንዲሆን፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሰጥ፤ ከ6 ከመቶ በላይ ያለውም ፈጽሞ እንዳይሸጥ ተደንግጓል። እኔን የቀባችኝ ልጅ ዕቃ ላይ ቍጥር አልተጻፈበትም ነበር። ሰማያዊው መብራትም ቢሆን ሐኪሟ እንደ ነገሩኝ ከቅባቱ በላይ የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው፤ ለዐይን ግን ያምራል። ደግሞም የነጣ ጥርስ ነጥቶ አይቀርም፤ ከወራት እስከ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ይመለሳል። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ለሚያፈላ ቤት ይህን አስቀድሞ ማስላት ያሻል።

አሁን ወደ ጥርስ አሰላለፍ እንለፍ። ጥርስ የሚያስተካክለውን ሐኪም ኦርቶዶንቲስት ይሉታል። ስሙ ከኦርቶዶክስ ጋራ ዘመድ ነው፤ በግሪክ «ኦርቶስ» ቀጥ ያለ፣ የቀና ማለት ሲሆን ተከታዩ ቃል ጥርስ ማለት ነው። ጥርስን የማቅናት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ፒዬር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ ጥርስን የሚገፋ የብረት ቅስት ገልጿል። (ጥርስን የሚቦረቡረው ትል ነው የሚለውንም ወሬ በዚያው መጽሐፍ ተቃውሞታል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ «ጥርሴን ትል በላው» እንላለን። የሚበላው ስኳር የሚመገቡ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት አሲድ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1899 አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል የመንጋጋን አለመግጠም በሦስት ክፍል መድቦ አወጣ፤ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ብሬስ የሚባለው እንዲህ ይሠራል። በየጥርሱ ፊት ትንሽ ቍራጭ ብረት ወይም ሴራሚክ ይለጠፋል፤ በእነርሱም ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያልፋል። ሽቦው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ሲታገል ጥርሱን ቀስ አድርጎ ይስባል። የጥርስ ሥር በአጥንቱ ውስጥ እንደ ሚስማር የተቸነከረ አይደለም፤ በጥቃቅን ጅማቶች ተንጠልጥሎ ይኖራል። ጥርሱ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ በተጫነበት በኩል ያለውን አጥንት ሕዋሳት ይበሉታል፤ በተለቀቀው በኩል ደግሞ ሌሎች ሕዋሳት አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ስለዚህ ጥርሱ ከነማደሪያው ይጓዛል ማለት ይቻላል። ፍጥነቱ በወር 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ኀይል በመጨመር አይፈጥንም፤ ኀይል ሲበዛ የጥርሱ ሥር ይጎዳል። አብዛኛው ሰው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩም ሐኪሙ ዘንድ መመላለስ አለበት። ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ማቆያ ካልተደረገ ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። ብሬስ ያደረገ ሰው ጥርሱን ካላጸዳ፤ ቍራጩ ሲነሣ በዙሪያው ነጭ የመበስበስ ክብ ታትሞ ይገኛል።

ብሬስ የሕፃናት ብቻ አይደለም፤ ድዱና አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ በ20ና በ40 ዓመትም ይደረጋል። ማን ያስፈልገዋል? ሲያኝክ የማይገጥምለት፣ የታች ጥርሱ የላንቃ ሥጋውን የሚወጋው፣ ጥርሱ ተደራርቦ ማጽዳት ያልቻለ፣ ወይም የፊት ጥርሱ ወጣ ብሎ በቀላሉ ሊሰበር የሚችል። ለመልክ ብሎ ማድረግም ኀጢአት የለበትም። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል፤ እርሱም ፍንጭት ነው። እናቶቻችን ፍንጭት ያላትን ልጅ ሲያሞግሱ ኖረዋል። ዛሬ በሌላ አገር ሥዕል ጥርስ ሁሉ እንደ አጥር ገጥሞ ስላየን ብቻ ፍንጭትን እንደ በሽታ መቍጠር ጀመርን። ፍንጭትሽን መዝጋት ከፈለግሽ፣ እኅቴ፣ መብትሽ ነው፤ ሕመም ነው ብሎ የሚነግርሽን ግን አትመኚ። በተለይም ሁለቱን የፊት ጥርስ በላስቲክ ማሰር ከሚታሰበው በላይ አደገኛ ነው። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ ቀስ በቀስ ወደ ድድ ይንሸራተትና ከዐይን ይሰወራል፤ በዚያም አጥንቱን እየበላ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ጤነኛ የፊት ጥርሶች መውለቃቸው በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ከጓደኞቼ አንዷ ላስቲኩን «ጠፋ፤ ወድቆ ይሆናል» ስትለኝ እንቅልፍ ነሣኝ። ሐኪም ዘንድ ወስደናት ከድዷ ውስጥ ወጣላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ገና በሳምንቱ ነበር።

እንግዲህ ሐኪሙን እንዴት እናግኝ? እኔ ያገኘሁት ከሳሎኑ መከራ በኋላ የግቢያችን ክሊኒክ ነርስ ወደ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ስለ ላከችኝ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ፊት ስለሚሠሩም አንድ ሥራ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ነገር ግን ዋጋው ለኪሳችን ይቀርባል፤ የተማሪውንም ሥራ ሌላ ዐይን ያየዋል። የጥርስ ሕክምና በአዲስ አበባም በጅማም ዩኒቨርስቲ ይሰጣልና በሁለቱም ከተማ ያለ ተማሪ ይህን መንገድ ቢሞክር አይጸጸትም። ወደ ግል ክሊኒክ የሚሄድ ደግሞ የሥራ ፈቃዱን በግድግዳው ላይ ይመልከት፤ የሚሠራለትም ሰው ምን እንደ ተማረ ይጠይቅ። ብሬስ አደርጋለሁ ከሚል ሐኪም በዚያ ሙያ የት እንደ ሠለጠነ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ንጽሕና አንድ ነገር ልጨምር። መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት በፊታችሁ ሲከፈት ማየት አለባችሁ። ጀርም ሁሉ የሚሞተው በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያህል ሲቈይ ነው። መሣሪያውን ቀቅየዋለሁ የሚል ቢኖር፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አስታውሱ። በአልኮል መጥረግም አይበቃም። የጉበት በሽታ ከሚያመጡት ቫይረሶች አንዱ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ በደም የሚተላለፍ ነውና ነገሩ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ከዚህም ሁሉ በላይ እኔ የምለይበት ምልክት ይህ ነው። ደኅና ሐኪም ዋጋ ከመናገሩ በፊት ያያል፣ ይጠይቃል። ያገኘኋቸው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቁኝ «የት ነው ያደግኸው?» ብለው ነው። መንደሬን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ጥርስህ ቆሻሻ አይደለም፤ የውሃችሁ ታሪክ ተጽፎበት ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከሰማሁ የመጀመሪያዬ ነበር። ድዴን በመርፌ መሰል መለኪያ እየለኩ ጻፉ፤ ራጅ አስነሡኝ፤ አንድ የተቦረቦረ መንጋጋ አገኙና ቀለሙን ትተን እርሱን እንሙላ አሉ። ከዚያ ያሉትን መንገዶች ሁሉ ምንም አለማድረግን ጨምረው በወረቀት ላይ ከነዋጋው ዘረዘሩልኝ። ከመንገዶቹ አንዱ በጥርስ ፊት ላይ ስስ ሽፋን መለጠፍ ነበር፤ ቬኒር ይሉታል። እርሱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከጤነኛው ኢናሜል ግማሽ ሚሊሜትር ያህል መሞረድ ይፈልጋል፤ የተሞረደውም አይመለስም፤ ሽፋኑም በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ መለወጡ አይቀርም። «በ22 ዓመትህ አልመክርህም» አሉኝ። በመጀመሪያው ቀን አፍ ከፍቶ ሃያ ቬኒር ልሥራልህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ብሬስ ለማድረግ ለምታስቡ ደግሞ የቦታ ነገር አለ። ሕክምናው ሁለት ዓመት ይፈጃልና፤ በመጨረሻው ዓመት ትምህርት ጀምሮ ተመርቆ ራቅ ወዳለ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ሽቦው አፉ ውስጥ እንዳለ ሐኪም ያጣል። ከሚጀምር ቢቈይ ይሻለዋል፤ ወይም ራጁንና የጥርሱን ቅርጽ ከነደብዳቤው ተቀብሎ ይሂድ። ጥርሱን ያመመው ሰው ደግሞ «ይነቀልልኝ» ብሎ አይግባ፤ ነርቩን አጽድቶ ጥርሱን ማዳን ይቻል እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ፊት ያበጠ፣ ትኵሳት ያለው፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ያቃተው ግን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይሂድ።

ዕለታዊው ጥንቃቄ አጭር ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ መቦረሽ፤ አረፋውን ተፍቶ በብዙ ውሃ አለመጉመጥመጥ፤ ስኳሩን መቀነስ። የወይራና የክትክታ መፋቂያም ጫፉ ተኝኮ ለስልሶ በቀስታ ከተፋቀበት መልካም ነው፤ የኋላ መንጋጋ ላይ ግን አይደርስምና ብሩሹን አያስጥልም። ከስምጥ ሸለቆ ለመጣችሁ፤ ታናናሾቻችሁ ሳሙናውን እንዳይውጡት ተጠንቀቁ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። የሚጠጡት ውሃ ይመርመር፤ ሕፃን እስከ 8 ዓመቱ የሚጠጣው ውሃ ብቻ እንኳ ቢለወጥ ጥርሱ ይድናል።

የእኔን ነገር ልጨርስ። ሐኪሟ በአራቱ የላይ የፊት ጥርሶቼ ላይ በደካማ አሲድና በደቀቀ ዱቄት እጅግ ስስ የሆነውን የላዩን ልባስ ብቻ አነሡ፤ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ጥልቅ የነበሩትን ሁለት ቀዳዳዎች የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ ደፈኑልኝ። ሦስት ቀጠሮ ፈጀ። ጥርሴ ነጭ አልሆነም፤ ከቅርብ የሚያይ ሰው አሁንም ከየት እንደ መጣሁ ያውቃል። በክፍል ውስጥ ግን እጄን አነሣለሁ።

ክረምት ላይ አገር ቤት ሄጄ ነበር። መንደራችን ከሩቅ የተሳበ የቦኖ ውሃ ያገኘው ትንሿ እኅቴ ከመወለዷ አንድ ዓመት በፊት ነው። ዘንድሮ የፊት ጥርሶቿን ለውጣለች። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ውስጥ አቁሜ «አፍሽን ክፈቺ» አልኋት። ጥርሶቿ ወደ ብጫ የሚያደላ ንጣት አላቸው፤ ነጠብጣብ የለባቸውም። «ምን ሆነ?» አለችኝ አፏን እንደ ከፈተች።